የዊክ ካርድ በሐበሻ ጓዳ፦ ለጾመኛ ነፍሰ ጡር ምን ያህል ይመቻል?

በአሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን «ዊክ» ስለምንለው የእናቶችና የሕፃናት የምግብ ድጋፍ ስናወራ ብዙ ጊዜ ከሁለት ነገር አናልፍም፤ ወይ «ነፃ ወተት ይሰጣሉ» እንላለን፣ ወይ «የመኖሪያ ወረቀት ያበላሻል» ብለን እንፈራለን። ከሁለቱ መካከል ያለው፣ ማለትም ካርዱ በየወሩ ምን እንደሚገዛ፣ የሚገዛው ነገር በሐበሻ ድስት ውስጥ ምን እንደሚሆንና ጾም ሲገባ ምን እንደሚቀር፣ እምብዛም አይነገርም። እኔ በሜሪላንድ በእርግዝናዬ ወራት ስለተጠቀምኩበት እንደማንኛውም አገልግሎት ልመዝነው ወድጃለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር ያህል፣ ዊክ ገቢዋ ዝቅተኛ ለሆነ ነፍሰ ጡር ከሚገኙት ድጋፎች ሁሉ ለጓዳ የሚቀርበው ነው፤ ይሁን እንጂ የተቀረጸው በሌላ ሕዝብ ገበታ ላይ ስለሆነ፣ ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ «እንዲህ አድርጉልኝ» ብላ የማትጠይቅ ጾመኛ ሴት ከሚገባት ሲሶው ሳይደርሳት ወሩ ያልቅባታል።

ፕሮግራሙ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1972 ለሙከራ ተጀምሮ በ1975 ቋሚ ሆኗል። ገንዘቡ የሚመጣው ከፌዴራሉ መንግሥት የግብርና መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ የሚያስተዳድሩት ግን ክፍለ ግዛቶች ናቸው፤ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛትም የፌዴራሉን ደንብ ሳይለቅ የሚፈቅደውን የምግብ ዓይነትና የማሸጊያ መጠን በራሱ ዝርዝር ይወስናል። ስለዚህ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የገዛሁትን ዕቃ ወንዙን ተሻግራ በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ የምትኖር እኅቴ በካርዷ ላታገኘው ትችላለች፤ እሷ የምታገኘውም በእኔ ዝርዝር ላይ ላይኖር ይችላል። ይህን የሚያህል ቀላል ነገር ባለማወቅ ብቻ በሁለቱ ዳርቻዎች መካከል ስንት የስልክ ክርክር እንደሚደረግ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል።

ለመግባት የሚጠየቀው የገቢ ጣሪያ ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ 185 በመቶ ነው። ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን) ወይም የምግብ ድጎማ የምታገኝ ሴት ግን በገቢ በኩል እንዳለፈች ይቆጠርላታል። ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ ነገር አለ፦ ቤተሰቡ ሲቆጠር በሆድ ያለው ልጅ አብሮ ይቆጠራል። ባልና ሚስት ብቻ ናቸው ተብለው ጣሪያውን በጥቂት የሚያልፉ ሁለት ሰዎች፣ ሦስት ተብለው ሲቆጠሩ ሊገቡ ይችላሉ ማለት ነው። ባለቤቷ በኡበር ወይም በሊፍት የሚሠራ ሴት ደግሞ እንደ ደመወዝተኛ የክፍያ ደረሰኝ ስለማይኖራት፣ የግብር ማስታወቂያውን ወይም የገቢና የወጪ መዝገቡን አስቀድማ ማዘጋጀት ይጠቅማታል። ከዚህ ሌላ የሚፈለገው መታወቂያና አድራሻን የሚያሳይ ወረቀት ነው።

ፍርሃቱን በተመለከተ፣ እኔ በሄድኩበት ቢሮ ስለ መኖሪያ ፈቃዴ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አመልካቹ ለወደፊት «የመንግሥት ሸክም» ይሆናል ወይ በሚለው ምዘና ላይም፣ በ2022 መጨረሻ ሥራ ላይ የዋለው የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ደንብ የሚመለከተው የጥሬ ገንዘብ ድጎማንና በመንግሥት ወጪ የሚደረግ የረጅም ጊዜ የተቋም እንክብካቤን እንጂ ዊክን አይደለም። የኢሚግሬሽን ደንብ በየአስተዳደሩ የሚነካካ ስለሆነ፣ ጉዳይዋ ገና ያላለቀ ሴት ከማመልከቷ በፊት ጠበቃ ብትጠይቅ መልካም ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ በቡና ላይ የሚሰጠውን የሕግ ምክር ግን ለቡናው ብቻ ብትተወው ይሻላል።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ከምግቡ በፊት የሚመጣው ምርመራ ነው። ቁመትና ክብደት ይለካል፣ ከጣት ጫፍ ደም ተወስዶ የሄሞግሎቢን መጠን ይታያል። በእርግዝና የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከ11 ግራም በዴሲሊትር በታች፣ በመካከለኛዎቹ ደግሞ ከ10.5 በታች ከሆነ የደም ማነስ ይባላል። ውጤቱ እዚያው ስለሚታወቅ፣ ከሐኪም ቀጠሮ በፊት ስለ ደሟ ለማወቅ ለምትፈልግ ሴት ይህ ብቻውን መምጣት የሚያስመሰግን ነገር ነው። የእኔ ወደ ድንበሩ የተጠጋ ስለነበር ከአማካሪዋ ጋር ረጅም ጊዜ የተነጋገርነው ስለ ብረት ማዕድን ነው፤ የነገረችኝም እስከ ዛሬ የምጠቀምበት ነው፦ ቡናም ሆነ ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ምግብ እንዳለቀ ሲጠጣ ሰውነት ከእህልና ከጥራጥሬ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳል፤ በአንጻሩ ቫይታሚን ሲ ያለበት ነገር፣ ለምሳሌ ብርቱካን፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ፣ አብሮ ሲበላ ይጨምረዋል። ምሳ እንዳነሣን ረከቦት የምናቀርብ ሰዎች ለሆንን ለእኛ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ምክር መኖሩን እጠራጠራለሁ። የቡናው መጠንም ተነሥቷል፤ የአሜሪካ የማሕፀንና የጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ለነፍሰ ጡር የሚመክረው ካፌይን በቀን ከ200 ሚሊግራም በታች እንዲሆን ነው። አቦሉ ሲጠጣ ቶናና በረካው ለእንግዳ ይቀራሉ ማለት ነው።

ድክመቱ የሚታየው ምክሩ ወደ ሳህን ሲወርድ ነው። በእጄ የተሰጠኝ የምግብ መመሪያ ፓስታን፣ ሳንድዊችንና ታኮን በሥዕል ያሳያል፤ ሽሮን፣ ጎመንን፣ እንጀራን አያውቃቸውም። አማካሪዋ «ትናንት ምን በላሽ?» ብላ ስትጠይቀኝ የሽሮን አሠራር ከሽምብራውና ከባቄላው ጀምሬ ማስረዳት ነበረብኝ፤ እሷም በጥሞና አዳምጣ ጥሩ የፕሮቲን ምንጭ መሆኑን ተቀበለች፣ ነገር ግን ከእኔ ቀጥላ ለምትመጣው ሐበሻ ያ ሁሉ እንደገና መነገር አለበት። ይህን ያህል ኢትዮጵያዊ በሚኖርበት አካባቢ አንድ ገጽ የአማርኛ የምግብ መመሪያ ማዘጋጀት ከባድ አይመስለኝም። የዋሽንግተን ከተማ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አማርኛን ከሚያስተናግዷቸው ቋንቋዎች መካከል ሲያስገቡ፣ ከድንበሩ ማዶ ባለው ሰፈሬ አስተርጓሚ ያገኘሁት በስልክ ነው። አስተርጓሚዋ ጨዋና ትዕግሥተኛ ነበረች፤ ይሁንና የሦስት ሰው ጨዋታ በአንድ የጠረጴዛ ስልክ ሲካሄድ ጊዜው እጥፍ ስለሚሆን፣ ጥያቄዋን በወረቀት ጽፋ የምትሄድ ሴት ትርፋማ ናት።

ወደ ምግቡ ልምጣ። ለነፍሰ ጡር የሚታዘዘው ድርሻ በ2024 የወጣው አዲስ ደንብ በለወጠው መጠን ሲታሰብ በወር አራት ጋሎን ያህል ወተት፣ አንድ ደርዘን እንቁላል፣ 36 አውንስ ሲሪያል፣ 48 አውንስ ያልተፈተገ እህል ወይም ዳቦ፣ አንድ ፓውንድ ደረቅ ጥራጥሬ፣ 18 አውንስ የለውዝ ቅቤ፣ ጥቂት የፍራፍሬ ጭማቂ፣ የታሸገ ዓሣና ለአትክልትና ለፍራፍሬ ብቻ የሚውል ገንዘብ ነው። ሥጋ የለም፤ ቅቤም የለም፤ ዘይትና ቅመም የሚባል ነገርም የለም።

ከእነዚህ ሁሉ ካርዱን የሚያስወድደው የአትክልቱ ገንዘብ ነው። እስከ 2021 ድረስ ለአንዲት ሴት በወር 11 ዶላር ብቻ የነበረው፣ በ2025 በጀት ዓመት ለነፍሰ ጡር 47 ዶላር ደርሷል። ገንዘቡ የሚሠራው በዓይነት ሳይሆን በዋጋ ስለሆነ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ነፃነት የሚሰጠው እሱ ነው። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ቃሪያ፣ እንዲሁም አሜሪካኖቹ በደቡብ ምግባቸው ስለሚወዱት በየሱፐርማርኬቱ በእቅፍ በእቅፍ የሚገኘው ጎመን ሁሉም ይገባሉ። የሐበሻ ወጥ ግማሽ ወጪው ሽንኩርት መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነጭ ድንች ለረጅም ጊዜ ተከልክሎ የቆየና በ2015 የተፈቀደ በመሆኑ፣ ልጆቿን ከዚያ በፊት የወለደች ወዳጅ «ድንች አይቻልም» ብትላችሁ አትፍረዱባት።

ጥራጥሬው ላይ ደስታዬ ግማሽ ነው። ደንቡ ምስርን፣ አተርን፣ ሽምብራንና ባቄላን ሁሉ ይቀበላል፤ ስለዚህ በወረቀት ደረጃ የጾም ገበታችን ሙሉ በሙሉ ተፈቅዷል። መደርደሪያው ላይ ግን የተፈቀደው አንድ ፓውንድ የሚመዝን ከረጢት ሲሆን፣ በተራ ሱፐርማርኬት በዚያ መጠን የሚገኘው ብዙ ጊዜ ያልተከካ ቡናማ ምስርና አረንጓዴ ክክ ነው። የምንወደው ቀይ ምስር ክክ በሐበሻና በሕንድ መደብሮች በትልቅ ከረጢት ይሸጣል፤ እኔ ከምገበይባቸው የሐበሻ መደብሮች ደግሞ ካርዱን የሚቀበል አላገኘሁም። የሽሮ ዱቄትም የተፈጨና ቅመም የገባበት በመሆኑ አይታሰብም። በአረንጓዴው ክክ የተሠራ አልጫ ቀለሙ ለዓይን ቢከብድም ጣዕሙ አያሳፍርም፤ ቡናማው ምስር ግን ለወጥ አይላላምና ለአዚፋ ቢውል ይሻላል።

ወተቱ ላይ የሚያስገርመው ለአዋቂ ሴት የሚፈቀደው ስቡ የተቀነሰ ወይም የወጣለት ብቻ መሆኑ ነው፤ ሙሉ ስብ ያለው ወተት የሚታዘዘው በመሠረቱ አንድ ዓመት ለሞላቸውና ሁለት ላልደረሱ ሕፃናት ነው። እርጎ ለማርጋት የምታስብ ሴት ውጤቱ ስስ ስለሚሆንባት ቅር ሊላት ይችላል። ለአይብ ግን፣ ወተቱ ሞቅ ብሎ ሎሚ ሲጨመርበት እንዲሁ ጥሩ ይቋጥራል፤ የእኛ አይብ ከአሬራ የሚወጣ በመሆኑ ከመጀመሪያውም ስብ አይፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ደርሻለሁ። በካርዱ ላይ የሚጫነው ምግብ በወሩ መጨረሻ ይጠፋል፤ ወደሚቀጥለው ወር አይሻገርም። ቤተ ክርስቲያናችን ነፍሰ ጡርንና አራስን በጾም እንደማታስገድድ ቢታወቅም፣ ብዙዎቻችን ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴንም ጭምር፣ አቅማችን በፈቀደ መጠን እንጾማለን፤ ከሐኪማችን ጋር ተነጋግረን የተውነው ሴቶች እንኳ ወተት በዐቢይ ጾም አፋችን አይገባም የምንል አለን። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ያ ማለት ለሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ አራት አራት ጋሎን ወተት ሳይነካ ይቃጠላል ማለት ነው፤ እርጉዝ ሴት ካልሲየምና ፕሮቲን በብዛት በምትፈልግበት ወቅት።

መፍትሔው በደንቡ ውስጥ አለ፤ ችግሩ ማንም ሳይጠየቅ አይነግራችሁም። በላም ወተት ፋንታ የተመረጡ የአኩሪ አተር ወተቶችን መውሰድ ይቻላል፤ ከወተቱ የተወሰነው ከአኩሪ አተር በሚሠራው አይብ መሰል ምግብ፣ በቶፉም ሊተካ ይችላል። ይህ ለውጥ የሚደረገው ግን በቢሮው ኮምፒዩተር ላይ እንጂ በገንዘብ መክፈያው ጠረጴዛ ላይ አይደለም፤ ወሩ ተጭኖ መግዛት ከተጀመረ በኋላ መለወጥም ያስቸግራል። ስለዚህ የጾሙን መግቢያ ቀን ቆጥራ፣ ከዚያ በፊት ባለው ወር «ድርሻዬን ወደ አኩሪ አተር ቀይሩልኝ፣ ከፋሲካ በኋላ ትመልሱታላችሁ» ብላ መደወል የጾመኛዋ ፋንታ ነው። እኔ ስደውል ያለ ምንም ክርክር ተደርጎልኛል። የአልሞንድ ወተት በእኔ ዝርዝር ላይ አልነበረም፤ የአኩሪ አተሩም ቢሆን ካልሲየምና ቫይታሚን የተጨመረበት የተወሰነ ዓይነት ብቻ ነው። ቶፉው በበርበሬ ቁሌት ቆንጠር ተደርጎ ሲጠበስ የጥብስን ፍላጎት በመጠኑ ያስታግሳል፤ ጥብስ ነው ብዬ ግን ማንንም አላታልልም። እንቁላሉ በማቀዝቀዣ ሦስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ስለሚቆይ፣ የጾሙ የመጨረሻ ወር ድርሻ በወሩ ማብቂያ ተገዝቶ ለፍስክ ሊተርፍ ይችላል። የታሸገው ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባት እተዋለሁ፤ በምግብነቱ ግን ሳርዲንና ሳልመን ለነፍሰ ጡር የሚመከሩ፣ የሜርኩሪ መጠናቸው ዝቅተኛ የሆነ ዓሣዎች ናቸው።

ስለ ጤፍ አንድ መልካም ዜና አለ። በ2024 የወጣው የፌዴራል ደንብ ክፍለ ግዛቶች ሊፈቅዷቸው ከሚችሏቸው ያልተፈተጉ እህሎች መካከል ጤፍን ጨምሮታል። እንደ ዳቦ፣ ቡናማ ሩዝና አጃ ባሉ ጥቂት ምርጫዎች ተወስኖ የነበረው ክፍል ወደ እኛ እህል መምጣቱ የሚያኮራ ቢሆንም፣ «ሊፈቅዷቸው የሚችሏቸው» ማለት «የፈቀዷቸው» ማለት አይደለም፤ ጤፉ በእያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ዝርዝር ውስጥ መግባትና ካርዱን በሚቀበል መደብር በተፈቀደው መጠን ታሽጎ መገኘት አለበት። እስከዚያው በእኔ ጓዳ የእህሉ ድርሻ ቡናማ ሩዝና አጃ ሆኖ ቆይቷል፤ አጃው ለሾርባና ለጥዋት ገንፎ ይመቻል። የሲሪያሉን ነገር ብዙዎቻችን እንደ ልጅ ምግብ እንንቀዋለን፤ ነገር ግን በዊክ የሚፈቀድ ሲሪያል በ100 ግራም ቢያንስ 28 ሚሊግራም ብረት እንዲኖረው ደንቡ ስለሚያስገድድ፣ ሥጋ በሌለበት ድርሻ ውስጥ የብረቱን ሸክም የሚሸከመው እሱ ነው። ክትፎ በጥሬው በተከለከለባቸው ወራት ይህ ማስታወስ የሚገባ ነው።

ግዢው ራሱ ከቀድሞው የወረቀት ቼክ ዘመን ጋር የሚወዳደር አይደለም። ካርዱ እንደ ባንክ ካርድ በሚስጥር ቁጥር ይሠራል፤ በስልክ ላይ የሚጫነው መተግበሪያም የዕቃውን ባርኮድ አንብቦ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለውን መደርደሪያው ፊት ለፊት ይናገራል። መተግበሪያውን ሳይጭን ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው ራሱን ይቀጣል፤ የ16 አውንሱ ዳቦ ገብቶ የ20 አውንሱ የሚመለስበት፣ የአንዱ ፋብሪካ ገብቶ የሌላው የሚቀርበት ምክንያት በዓይን አይታይም። በአንድ ትልቅ መደብር ገንዘብ ተቀባይዋ ዕቃዬ ሲመለስባት ከኋላዬ ለተሰለፈው ሕዝብ በሚሰማ ድምፅ «የዊክ ነው፣ ሌላ መስመር ሂዱ» ብላለች፤ በሌላ ቀን በሌላ መደብር ደግሞ አንድ ወጣት ካሸር ራሱ ሮጦ ትክክለኛውን መጠን አምጥቶልኛል። ይህ የሠራተኛው ጠባይ እንጂ የካርዱ ጉድለት አይደለም፤ ቢሆንም ሆዷ የገፋ ሴት ቆማ የምትጠብቅበትን ጊዜ ሲያስቡት፣ መደብር መምረጥና ከሥራ መውጫ ሰዓት ውጪ መሄድ ዋጋ አለው። ሒሳቡ ሲከፈል የዊክ ካርድ ይቀድማል፤ የምግብ ድጎማው ካርድና ገንዘቡ ከእሱ በኋላ ይመጣሉ፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ከኪስ ይከፈላል።

አገር ቤት ቢሆን እናትና ጎረቤት በየአምሮቱ የሚያመላልሱትን ምግብ ካርዱ አይተካውም፤ እንዲተካም አልተሠራም። የሚተካው ሌላ ነገር ነው፤ በየወሩ ከቤት ወጪ ላይ የአትክልቱንና የጥራጥሬውን ገንዘብ አንሥቶ ለእንጀራና ለቤት ኪራይ ያስተርፋል።

ከወሊድ በኋላ ድርሻው እንደ አጠባቡ ይለያያል። የነፍሰ ጡሯ ፈቃድ ከወሊድ በኋላ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ብቻ ስለሚዘልቅ፣ አራሷ ከዚያ በፊት ቢሮው ጋር ደውላ እንደገና መመዝገብ፣ ሕፃኑንም ማስመዝገብ አለባት። የምታጠባ እናት እስከ አንድ ዓመት ድረስ ታገኛለች፤ ሙሉ በሙሉ የምታጠባ ከሆነ ደግሞ ድርሻዋ ከሁሉም የበለጠ ነው። የማታጠባ እናት የራሷ ድርሻ በስድስት ወር ያበቃል፣ ሕፃኑ ግን በዱቄት ወተት ይቀጥላል። የጡት ማለቢያ መሣሪያና ራሳቸው አጥብተው ያሳደጉ አማካሪ እናቶችም በፕሮግራሙ በኩል ይገኛሉ። ስድስቱ ሳምንታት ለእኛ ከቤት የማይወጣባቸው የአራስነት ቀናት በመሆናቸው፣ ቀጠሮው በስልክ ወይም በቪዲዮ እንዲሆን መጠየቅ፣ ወረቀቱንም ሳይወልዱ አሰባስቦ ለባል ወይም ለእኅት ቦታውን ማሳየት ይሻላል።